«እንደ ጤናዬ ዘና በሉ» ላሉን አስተባባሪ

ለተከበሩ አቶ ጎሳዬ
የደም ግፊት ላለባቸው ሴቶች የጭንቀት መቆጣጠሪያ ሥልጠና አስተባባሪ
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም እጆችዎ እንደሚታዘዙልዎት፣ አፍዎም ሳይጣመም እንደሚናገር ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ወሰንየለሽ፣ በሥልጠናዎ ላይ ከሁሉ በላይ ዘና ያለችው የወይዘሮ ጤናዬ ታናሽ እህት ነኝ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እህቴ ከቱርሚ ሱቋን ዘግታ በጭነት መኪና ጂንካ የመጣችው የግፊት ክኒኗ ስላለቀባት ነበር። በእርስዎ አዳራሽ መድኃኒት ይታደላል ሲባል ሰምታ ይዛኝ ገባች። እርስዎ ግን ክኒን ልማድ እንደሚሆን አስረድተው በምትኩ አተነፋፈስ ስላስተማሯት ቸርነትዎን አንረሳም።

ሁለተኛ፣ «ራሴን ሊፈልጠኝ ነው፣ እባካችሁ ግፊቴን ለኩልኝ» ስትል፣ መለኪያው ከነካርቶኑ ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ «እናቴ፣ ይሄ አሉታዊ አስተሳሰብ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍኚና የባሕር ዳርቻ አስቢ» አሏት። ባሕር አይታ የማታውቀው እህቴ ታዝዛ ጨፈነች። ጥቂት ቆይቶ አንገቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እርስዎም በማይክሮፎን «እዩዋት ጤናዬን! ዘና ማለት እንዲህ ነው፤ ሁላችሁም እንደ እሷ ሁኑ» ብለው ጭብጨባ አዘዙላት። አዳራሹ አጨበጨበ። ለሃጯ ነጠላዬን ሲያርሰው «ኧረ እህቴን!» ብዬ ጮህኩ፤ የሌሎችን እርጋታ እንዳላደፈርስ በትሕትና ገሠጹኝ።

መኪናዎ የክብር እንግዶችን ምሳ ሊያደርስ ሄዶ ስለነበር፣ በባጃጅ አቅፌያት ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል አለን። ቀኝ ጎኗ ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ ብሏታል፤ የገዛ ልጆቿን ስም ስትጠራ ልጆቿ አይለዩትም።

ሦስተኛ፣ በአስፋልቱ ዳር ያሰቀሉትን ባነር አየሁት። ፎቶው የእህቴ ነው፤ ዓይኗ እንደተከደነ፣ አንገቷ ትከሻዬ ላይ እንደወደቀ። ከሥሩም «ከጭንቀት ነጻ የወጣች እናት» ይላል። ቀለሙ በእውነት አምሯል።

እርጋታዎ ሳይጓደል፣ እንቅልፍዎም ሳይረበሽ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝ፣
አክባሪዎ ወሰንየለሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጤናዬን ነፋስ እንድትቀበል ደግፌ ሳወጣት ባነሩ ሥር ቆመች። ራሷን አላወቀችም። ብዙ አይታ፣ በተሳሰረ አንደበቷ «ይቺ ሴትዮ ሞታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አቶ ጎሳዬን ጠይቄ እነግርሻለሁ ብያታለሁ፤ መልስዎን እንጠብቃለን።