አፍንጫ ያለው ኬዝ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከአባባ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ጓሮ፣ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ረዥሙ፣ ለታላቁ ልኬት አዋቂ፤

ጤናህን አልጠይቅህም። ለእማዬ የላክኸውን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ጉንጭህ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ስለዚህ ደህና ነህ። እኛም ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም በአንተ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንደ ልማድህ ቀልድ መስሎህ እየተንከተከትክ እንዳታነበው ነው። የምትስቅበት ቦታ ስትደርስ ራሴ እነግርሃለሁ።

ለምን በስልክ አልጻፈችልኝም ትል ይሆናል። በስልክ ስጽፍልህ ግማሹን ሳታነብ አውራ ጣትህን ትልክልኛለህ። አውራ ጣትህን ጠግቤዋለሁ። ደግሞም ቁጥርህን ዘግቼዋለሁ፤ እስካሁን ካላወቅህ ይኸው እወቅ። የአክስታችን ልጅ ወደዚያ ስለሚመጣ ይህን በእጅህ ይሰጥሃል። አጠገብህ ቆሞ እስከ መጨረሻው እንዲያስነብብህ፣ ዘለህ ካነበብክም እንዲቆነጥጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር። ለሌላ ሥራ ብለህ የሄድክ ዕለት አውቶቡሱ በር ላይ ቆመህ ምን አልከኝ? "ጉንዳን፣ አታልቅሺ። ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ እመርጥልሻለሁ፣ አንቺ ትገጣጥሚዋለሽ። ሲያልቅ መጥቼ አብረን እናበራውና ያንን ጌም ካቆምንበት እንጨርሰዋለን።" አላለቀስኩም። ዓይኔ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ ነበር። አንተ ግን ይህን ብለሃል፤ ሾፌሩ ምስክሬ ነው፣ "ግባ ወይ ውረድ" እያለ ሲጮህብህ ነበር።

ከዚያማ ጠቅላይ አዛዥ ሆንክ። እኔ ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ሣጥን መብራት የሚያበራ ኬዝ ይሁን ስል፣ አንተ "መብራት ጌም አያፈጥንም፣ ገንዘቡን ለግራፊክስ ካርዱ አስቀምጪ" አልክ። አዲስ የወጣ ፕሮሰሰር ስል "የአምናው ይበቃሻል፣ ማንን ልታስቀኚ ነው" አልክ። ግራፊክስ ካርዱን ያገለገለ ግዢ አልከኝ፣ ገዛሁ። ፋኑ ላይ ያለውን አቧራ ስነፋው ግማሹ ሳንባዬ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ የአባባ ሻይ ውስጥ። ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ላነሳ ስል ደግሞ ጮህክብኝ፦ "በእሱ አትቆጥቢ። እሱ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፣ የቀረውንም አቃጥሎ ነው የሚሄደው።" ያልከው ስለ ፓወር ሰፕላይ ነው። አውቃለሁ። እኔም የጻፍኩት ስለ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ማስታወሻው፣ ራሙስ? አንድ ትልቅ ልገዛ ስል "አይ፣ ሁለት ትንንሽ ግዢ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰኩ ነው ሥራውን ተካፍለው የሚፈጥኑት፤ አንዱ ብቻውን ይንቀራፈፋል" አልከኝ። እኔ ሞኟ "ወይ ይሄ ልጅ እውቀቱ" ብዬ ለእማዬ ነገርኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ የድምፅ መልእክትህ መጣ። የአንተን መልእክት ወርክሾፑ ውስጥ ጮክ አድርጌ ነው የምከፍተው፤ ግራይንደሩ እየጮኸ ሌላ መላ የለም። አባባ ጀርባውን ሰጥቶ ብረት ይሞርዳል፣ እንደማይሰማ ሆኖ። አንተም እንዲህ አልክ፦ "ጉንዳን፣ ሁለተኛ ጆይስቲክ አትግዢ፣ አንድ ይበቃሻል። በእሱ ፋንታ ዋይፋይ ካርድ ግዢበት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አብሬሽ እጫወታለሁ።"

ከዚህ ሆኜ።

አልመጣም ማለት እንዴት እንደሚባል አታውቅም እንዴ? አፍህን ሞልተህ "አልመጣም" ብትል ኖሮ ሰድቤህ፣ ሁለት ቀን አኩርፌህ፣ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ወሬህን ዋይፋይ ካርድ ውስጥ ከተህ ላክኸው። ራም ጎን ለጎን ሲሆን ነው የሚፈጥነው ያልከኝ ሰው ራስህ አይደለህም? ለራም የሆነው ለእኛ ሲሆን ምን ነካው?

ስለዚህ ዋይፋይ ካርዱን አልገዛሁም። ጆይስቲኩን ገዛሁ። ሁለተኛውን። ቀይ። አንተ የምትጠላውን ቀይ።

አሁን ወደ ኬዙ እንምጣ፤ ጉድህ ያለው እዚያ ነው። "ትንሹን ግዢ፣ ርካሽ ነው፣ ልኬቱን አይቻለሁ፣ ግራፊክስ ካርዱ ይገባል" ብለኸኛል። አይቻለሁ። በምን አየኸው? በፎቶ። አንተ የማን ልጅ ነህ? እዚህ ቤት ሰው በነገረን ልኬት ብረት ተቆርጦ ያውቃል? ደንበኛው ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ኢንጂነር ቢሆን፣ ማኅተም ቢኖረው፣ አባባ መሰላሉን ተሸክሞ ሄዶ የበሩን ክፍተት በራሱ እጅ ሳይለካ ብረት አይነካም። አንዱ ጫፍ ይዞ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሌላው ጫፍ የያዘው ይደግመዋል፣ ካልተደገመ መጋዝ አይነሳም። በዚህ ሥርዓት ያደግህ ሰው አገር አቋርጠህ በፎቶ ለካህልኝ። ካርዱን ሳስገባው ሁለት ጣት ሲቀረው ከፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ብገፋው አይሄድ፣ ባጋድመው አይሄድ።

ኬዙን የሸጠልኝ ባለሱቅ ጋ ሄድኩ። ሰውዬውን ታውቀዋለህ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለለው የሱቁ መዝጊያ ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ስለሚነክስ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

"አልመልስም፣ ላሰፋው ነው የመጣሁት" አልኩት።

"ሸሚዝ መሰለሽ?"

"በትልቁ ቀይርልኝ፣ ልዩነቱን እከፍላለሁ።"

"ማነው ይሄን የመረጠልሽ?"

"ወንድሜ።"

"የት ነው ያለው?"

"ሩቅ።"

"እኮ፣" አለ፣ "ሩቅ ሆኖ ነዋ።" ወጥቼ ሄድኩ። በሱቁ በር ላይ ያለውን "ክፍት ነን" የሚለውን ሰሌዳ ገልብጬ "ዝግ ነን" አደረግሁት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ደንበኛ እንዳልገባለት ሰምቻለሁ። በእሱም አይደለም የተናደድኩት፣ ግን ቅርብ የተገኘው እሱ ነበር።

ኬዙን ወርክሾፕ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አባባ አየው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ስምህን እንደማያነሳ ታውቃለህ። የትምህርት ቤቱን ትልቅ በር ግማሽ ላይ ትተህ፣ አንዱን ጫፍ እንደያዘ አቁመኸው ነው የሄድከው። አልቆጣህም፤ ቢቆጣህ ይሻል ነበር። በሩን እኔና እሱ ጨረስነው። እንደ ስሜ ትንሽ ብሆንም ጫፍ መያዝ አያቅተኝም። የሰቀልነው ትምህርት በሚጀመርበት ጠዋት ነው፤ የክፍሌ ልጆች በሥሩ እየተጋፉ ገቡ፣ እኔ ከአባባ ጋር መሰላሉን ተሸክሜ ተመለስኩ። ቆንጆ በር ነው። ሲከፈት ድምፅ የለውም።

አባባ ካርዱን አንሥቶ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ሜትሩን አወጣ። እኔ ወዲያኛውን ጫፍ ያዝኩ። ቁጥሩን ጠራ። ተናድጄ ስለነበር አልደገምኩም። እሱም ዓይኑን ከሜትሩ ሳያነሳ "ረዥሙ፣ ድገም" አለ።

ረዥሙ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያንን ወፍራም ድምፅህን፣ ጉንፋን የያዘው በሬ የሚመስለውን፣ አስመስዬ ቁጥሩን ደገምኩለት። በጥፊ ሊለኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። አልመታኝም። መጋዙን አንሥቶ ቆረጠ።

የኬዙን ፊት ከፈተውና ስሱን ቆርቆሮ ብየዳ እንዳይበላው ብሎ፣ በሪቬት ምስማር እያያያዘ የካርዱ ጫፍ የሚገባበት አፍንጫ ሠራለት። አፍንጫውን የቆረጠው ከዚያ ከትምህርት ቤቱ በር ከተረፈው ላሜራ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ እንዳለ አለ። እንግዲህ ጥቁር ሣጥን፣ ከፊቱ አረንጓዴ አፍንጫ። አንተን ቁርጥ ነው፤ ጉንፋን ይዞህ የነበረ ጊዜ። እዚህ ጋ መሳቅ ትችላለህ። በቃ፣ ይበቃሃል።

ካርዱ ገባ። ያለ አንተ አበራሁት። አንዴ ተጫንኩት፣ ፋኖቹ ዞሩ፣ ስክሪኑ በራ። እማዬ አጨበጨበች። አባባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ከጎኔ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

"እና የታለ?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ከዚህ ሆኜ እጫወታለሁ ብሎሽ የለ። የትኛው ነው እሱ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ሁሉ ሪቬት የመታው ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። ሰውዬው መልእክትህን ቃል በቃል ሲሰማ ከርሞ ሣጥኑን የሚጠብቀው አንተ ልትወጣበት ነው። እኔ ደግሞ የምትወጣበትን ካርድ በእልህ ትቼዋለሁ።

"የሚያገናኘውን ዕቃ አልገዛሁትም" አልኩት።

"ለምን?"

"እንዲመጣ ነዋ።"

አባባ ጆይስቲኩን ከጠረጴዛው አነሣው፣ ቀዩን፣ በመዳፉ ላይ እንደሚመዝን ያዝ አደረገውና መልሶ አስቀመጠው። በማግሥቱ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ፤ ለማን እንደሆነ አልነገረኝም። የባለሱቁን መዝጊያ አስተካክሎለት፣ ቀና ብሎ እንዲገባ አድርጎት፣ በሽርጡ ኪስ ዋይፋይ ካርዱን ይዞ መጣ። "ክተቺው" አለኝ። ከተትኩት። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ዋይፋይዋን ሰጠችን፤ የይለፍ ቃሏን ለሰው እንዳልነግር አስምላኛለች።

ስለዚህ ስማኝ። እሑድ አመሻሽ ላይ ቁጥርህን እከፍተዋለሁ፣ ለእሑድ ብቻ። ጌሙ ውስጥ ግባ። ያቆምንበት ቦታ ላይ ነው ያለነው፤ ያ ሁለት ሰው የሚፈልገው በር፣ አንዱ ይዞ ካልቆመ ሌላው የማያልፍበት። የሚጠብቅህ ሰው እኔ አይደለሁም፣ አባባ ነው። ሲለማመድ ሰንብቷል። ግድግዳ እየገጨ ነው የሚሄደው፣ መዝለል ሲፈልግ ራሱ ከበርጩማው ይነሳል። እንዳትስቅበት። ስለ ሥራህ አታውራው፣ ይቅርታም አትጠይቀው፣ ይሸሻል። በሩን ብቻ ያዝለት። ቁጥር የጠራ ከመሰለህ ድገምለት። አንዴ እንኳ ቀድመህ ብታልፍ ግን በእኔና በአንተ መካከል ያለው ነገር አበቃ።

እሱ የሚጫወተው በእኔ ጆይስቲክ ነው። እኔ ከኋላው ቆሜ እሳደባለሁ። ቀዩን ማንም አይነካውም፤ የብየዳ ጓንትህ የተንጠለጠለበት ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጓንትህን አይጥ በልታዋለች፤ እውነት አይደለም፣ እንድትደነግጥ ነው።

ንዴቴ አልበረደም። በአንድ እሑድ የሚበርድ እንዳይመስልህ። ከደብዳቤው ጋር በላስቲክ የተጠቀለለች ቁራጭ ቆርቆሮ አለች፤ ካርዱ የጎደለው ያህል አባባ በራሱ እጅ ለክቶ የቆረጣት ናት። ሁለት ጣት። ኪስህ ውስጥ ትሁን፣ ከሩቅ ልለካ ባሰኘህ ቁጥር ትውጋህ።

እማዬ አንገትህን ሸፍን ብላለች። አባባ ደግሞ ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስለው እስክሪብቶ አቀበለኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅህ። ከእኔ ግን አይጠብቅህ።

የምትነክስህ እህትህ፣
ጉንዳን

የረሳሁት፦ ቆርቆሮዋን ከላስቲኩ ስታወጣ እጅህን የነካህ አረንጓዴ ነገር የዚያ የትምህርት ቤቱ በር ቀለም ነው፤ አሁን ቀብቼ ሳይደርቅ ነው የጠቀለልኳት። በውሃና በሳሙና አትድከም፣ አይለቅም። የሚለቀው በቲነር ነው። ቲነሩ ደግሞ መደርደሪያው ላይ፣ አንተ ያስቀመጥክበት ቦታ ነው ያለው።