ጎማ ያላት መርከብ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ለታሪክ ክፍለ ጊዜ የማቀርበውን ዛሬ ከመጽሐፍ ላይ ለአያቴ ለአባባ አነበብኩላቸው። ጽሑፉ ውኃውን እየገፉ የሚያስኬዷት ትልልቅ ጎማዎች በጎንና በጎኗ ስላሏት አንዲት የድሮ የእንፋሎት መርከብ ነው። አባባ ከዘንገና ሐይቅ ሌላ ሰፊ ውኃ አይተው አያውቁም፤ ሊያርሙኝ ግን አልሰነፉም።

«አንቺ ልጅ፣ የውኃ ወፍጮ አይቻለሁ። ውኃው ነው ጎማውን የሚያዞረው። ጎማ ውኃ ሲገፋ የት ታየ? ባጃጅ አደረግሻት።»

«ሾፌሩ እርስዎ ይሁኑና ይሞክሯት» አልኳቸው። ሳቁ።

ቀጠልኩ። መርከቧ አትላንቲክን ጥቂት ጊዜ ተመላለሰችበት። አንድ ቀን ሰው ጭና ወጣች፤ ስባሪዋ እንኳ አልተገኘም።

ሳቃቸው ቆመ። «የሞቱበት ቀን ካልታወቀ ዘመዶቻቸው አርባውን ከየት ጀምረው ቆጠሩ?»

የጠየቁኝ ስለ መርከቧ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጃቸው፣ አጎቴ፣ ባሕር ሊሻገር ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ የለም። እሁድ ዘመድ ተሰብስቦ ተዝካሩ የሚወጣበትን ቀን ሊቆርጥ ነው።

«መቁጠሩን ትተው ጠበቋቸው ይላል» አልኩ። መጽሐፉ እንዲያ አይልም። እኔ ያፈጠጥኩበት ገጽ የሚያወራው ስለ ባቡር ነበር።

አባባ ወዲያው ዳንግላ ላለችው ለአጎቴ ሚስት አስደወሉኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ያዝኩላቸው። «የእሁዱ ይቅር» አሏት።

«እኔስ እስከ መቼ ልጠብቅ ነው አባባ?» አለች።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «እስከ መቼ ጠበቁ ይላል?»

ኔትዎርክ ጠፋ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ነገ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንደማነብላቸው አላውቅም።