ለእሳት እሺ ያለ ወገብ፦ የእናታችን የአንባር የሕይወት ታሪክ

እናታችን አንባር ከአባታቸው ከቱርሱንቦይና ከእናታቸው ከሳሎማት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ከሰማርቃንድ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደራችን ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። መምህራቸው እንዲቀጥሉ ቢለምኑላቸውም፣ እናታቸው በመታመማቸው የቤቱ ታንዶር፣ ያ የጭቃ ዳቦ መጋገሪያ፣ በእሳቸው እጅ ወደቀ። ሊጥ ይዞ፣ እስከ ወገብ ወደ እሳቱ ጎንበስ ብሎ፣ በጋለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ዳቦ መለጠፍ የዋዛ ሥራ አይደለም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሰጡት።

በ1970 ከኤርጋሽ ጋር በወግ ተጋብተው ሻቭካትንና ዲልፉዛን አፈሩ። የባለቤታቸው እህት ሆሲያትም በዚያው ግቢ ይኖሩ ነበር። ሥራ የሚወዱ፣ አንደበታቸው ግን የማይምር ሴት ናቸው፤ እዚህ ተቀምጠው ስለሚሰሙን አንዋሽም።

በ1996 ሻቭካት አገባ። በወጋችን የሙሽራው እናት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የመጨረሻው እንግዳ እስኪገባ በር ላይ መቆም አለባት። እናታችን ጥቂት ቆመው ወገባቸው ተቆለፈባቸው። ወደ ታንዶሩ ሄደው ጎንበስ ሲሉ ቀለል አላቸው። ይህን ማን ይመን? ሆሲያት በሴቶቹ መሃል፣ «ለእሳቱ ሲሆን እሺ የሚል ወገብ፣ ለእንግዳ ሲሆን ነው የሚታመመው? ሰበብ ነው እቴ!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እናታችን ሰምተው፣ «ሆሲያት፣ አላህ አያሳይሽ» ብቻ ብለው ዳቧቸውን አወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሰበበኛ የሚል ስም ወጣላቸው። ከሕመሙ ይልቅ የበላቸው አለመታመናቸው ነበር።

ሕመሙ ሲጠና ኤርጋሽ፣ «ይሄ መጎንበስ ነው የጨረሳት» ብለው ታንዶሩን ዘጉት። ወጌሻም አማክረው ጣውላ ላይ በጀርባቸው ቀጥ አድርገው አስተኟቸው። ብርዱ እስኪያልፍ እንደዚያው ከረሙ። የወደድናቸው መስሎን ነበር። በጋው ሲመጣ እስከ ግቢው በር መራመድ አቃታቸው።

ያኔ ከተማ ሄዱ፤ ሆሲያትም አጅበዋቸው ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ ስትላቸው አቃሰቱ፤ ጎንበስ ይበሉ ስትላቸው ተነፈሱ። «እናቴ፣ አከርካሪዎ ላይ ከኋላ በኩል አጥንትና አጥንት የሚገናኙባቸው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ እነሱ አልቀዋል» አለቻቸው። «ቀጥ ሲሉ ይፋተጋሉ፣ ጎንበስ ሲሉ ይላቀቃሉ። መተኛቱ ደግሞ አደረቃቸው። እንደ ድሮው አይሆኑም፤ ግን ይራመዱ፣ ወገብዎን ያሙቁ፣ ሲተኙ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። እርስዎ ያሉት ሁሉ እውነት ነው።»

እናታችን እዚያው አለቀሱ። ሆሲያት አንገታቸውን ደፉ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ያን ቀንም ከዚያም ወዲያ ከአፋቸው አልወጣም። ኤርጋሽ በማግስቱ ታንዶሩን ከፈቱት። እናታችን ሲያማቸው እያረፉ፣ ሲተዋቸው እየጋገሩ፣ ማታ ማታ ከባለቤታቸው ጋር እስከ ቦዩ እየተራመዱ ብዙ ዓመት ኖሩ።

በመጨረሻ የልብ ድካም ይዟቸው፣ በቤተሰባቸው ሲታገዙ ቆይተው፣ ትናንት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 12 ቀን 2023፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ቤታችን ጎድሎብናል።

ዛሬ ጠዋት አጣቢዎቹ በጀርባቸው ቀጥ አድርገው ሊያስተኟቸው ሲሉ ሆሲያት ከደጅ ገቡ። ስስ ፍራሽ ጠቅልለው ከእናታችን ጉልበት ሥር አደረጉ። «አንባርዬ እንደዚያ አትችልም፤ ያማታል» አሉ። ሙት አያመውም ያለ ሰው አልነበረም።

አላህ የእናታችንን ማረፊያ ያስፋላቸው፤ ለጎናቸውም የሚመች ያድርግላቸው። አሚን።