አንድ ማሰሪያ የጎደለው ሽርጥ

በቫሌንሲያ ለምትኖሪው ለታናሽ እህቴ ለኔሊዳ ይድረስ፤

እንዴት ከርመሻል ኔሊዳዬ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? የምትጠብቂያቸው አሮጊት አሁንም ሾርባውን ይደፉብሻል ወይስ ለመዱሽ? ባልሽ ራሞን ሥራው ቀናው? ልጃችሁ አይሊንስ ፈተናዋን አለፈች? እዚያ ሙቀት ነው አሉ፤ እዚህ የደቡቡ ንፋስ ገና አልለቀቀንም፣ ጠዋት ጠዋት የቧንቧው ውሃ ጣት ያደነዝዛል። እኔና ባሌ ፌርሚን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ በእግራችን ቆመናል ማለቴ ነው እንጂ እንቅልፍ ከጠገብኩ ስንት ጊዜዬ።

የእማማን ሽርጥ ላኪልኝ ካልሽኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ዝም ያልኩሽ ረስቼው አይደለም። ሰማያዊውን፣ ገበያ ድንች ስትሸጥ የምትታጠቀውን፣ አጥቤ ተኩሼ አስቀምጬልሻለሁ። ግን አንዱ ማሰሪያው የለም፣ ተቆርጧል። ከመናደድሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ ታቋርጪኛለሽ፣ አውቅሻለሁ።

እማማን ከቀበርን በኋላ ክፍሏን መንካት አቅቶኝ ነበር። ሦስት ካርቶን ዳይፐር ሳይከፈት ተርፏል፤ የአልጋ ላስቲኩም፣ ብርድ ልብሶቹም እንዳሉ ናቸው። ዶኛ ኦቲሊያን አትረሻቸውም፣ ትምህርት ቤታችን ደወል ይደውሉ የነበሩትን። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከወንዙ ማዶ የተጣሉ ውሾች ይሰበስባሉ። ዳይፐርም ጨርቅም ይቀበላሉ ሲሉኝ ፌርሚንን በሚኒባሱ አስጫንኩትና ሄድኩ። አውርጄ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ሴትየዋ ካርቶኖቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ «ይሄን ሁሉ ስታገላብጥ የከረመች ሴት ማስታመም ታውቃለች» ብለው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ። ቡችላ ነው። ስድስት ሆነው በማዳበሪያ ከረጢት በር ላይ ተጥለው ነው ያገኟቸው። ያ የቡችሎች የአንጀት በሽታ ገብቶ አምስቱን በአንድ ሳምንት ጨረሳቸው፣ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ግሉኮሱ ገና መነቀሉ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት አለበት። «ውሾቹ ሰባ፣ እኔ አንድ ነኝ ልጄ» አሉኝ። «ለአንድ ወር ብቻ። በሳን ሮኬ ቀን፣ ውሾቹ በቤተ ክርስቲያን ሲባረኩ፣ የሚወስዱት ሰዎች አሉ፣ ግቢያቸውም ሰፊ ነው።»

እሺ አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳልኩ እንጃ። ክንዴ ላይ ምንም አይከብድም ነበር። የእማማም እጅ መጨረሻ ላይ እንደዚያ ነበር።

ፌርሚን ከመሪው ዞሮ ሲያየኝ «ካርቶን አውርደን ውሻ ጫንን?» አለኝ። ለአንድ ወር እንግዳ ነው ስለው፣ «እናትሽም መጀመሪያ ለአንድ ወር ነበር የተኛችው» አለና ሞተሩን አስነሳ። እማማን የቀበርን ዕለት ያልኩሽ ትዝ ይለኛል፤ ከእንግዲህ የማንንም አፍ በማንኪያ አልከፍትም ብዬሽ ነበር። ለስድስት ሳምንት እንኳን ቃሌን አልጠበቅኩም።

መድኃኒቱን የምግተው በምን እንደሆነ ልንገርሽ? እማማን ውሃ በማጠጣባት በዚያችው መርፌ በሌላት ሲሪንጅ ነው። መሳቢያው ውስጥ እጄ ሳይፈልግ አገኛት። ዶሮ ከሩዝ ጋር ቀቅዬ እሰጠዋለሁ፣ አላምጬ ማጉረስ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ያስመልሳል፣ እጠርጋለሁ፣ ግቢውን በበረኪና አጥባለሁ፣ እንደገና እቀቅላለሁ። እጄ ተሰነጣጠቀ። ስምም አላወጣሁለትም፤ ሊሄድ ነው ብዬ «ያ» ነበር የምለው። ያ በላ፣ ያ አስመለሰ፣ ያ ተኛ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መብላት እምቢ አለ። ጥርሱን ነከሰብኝ። የእንስሳት ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ድዱን ገልጣ አየችና ዛሬ በራሱ አፍ ካልበላ ወደ ግሉኮሱ እንመልሰዋለን፣ ግን ተስፋ አልሰጥሽም አለችኝ። በማግስቱም አልበላም። ፌርሚን ለሥራ ሲወጣ ቡችላውን በካርቶን አድርጌ ሰጠሁትና ለዶኛ ኦቲሊያ መልስልኝ አልኩት። እዚያ ይሙት፣ እዚህ ቤት አይሙት፤ በአንድ ዓመት ሁለት አልችልም አልኩት። ካርቶኑን ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ አድርጎ ሄደ። እኔም ገብቼ እማማ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፣ ለማልቀስም ደክሞኝ ነበር።

ለምሳ ሲመለስ ካርቶኑን እንዳቀፈ ገባ። «ዶኛ ኦቲሊያ የሉም» አለኝ። እሳቸው ደግሞ ለቅዳሴ እንኳን ከዚያ ግቢ የሚወጡት በሩጫ ነው። «በሩን አንኳኩተሃል?» ስለው፣ «የእኔ መስመር በዚያ አያልፍም» አይለኝም? ግማሽ ቀን ሙሉ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ሲያመላልሰው ነው የዋለው። ተሳፋሪው ሁሉ ምን ሆኖ ነው፣ ይሄን ስጠው፣ ያንን ቀባው ሲል ቆይቶ፣ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ የኦቾሎኒ ሾርባዋን ከፍታ ውስጡ ካለው ዶሮ ቆርሳ አፉ ላይ ብታስጠጋለት ዋጥ አደረገው። ከዚያ ደገመ፣ አላስመለሰምም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለምነው ከርሜ ለማያውቃት ሴት አፉን ከፈተ። እማማም እኮ እንዲሁ ነበረች፣ እኔን እምቢ ብላ ከጎረቤት እጅ የምትበላው። ያኔ ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቁ መሐል ላይ ነው እንባው የያዘኝ።

ከዚያ ወዲያ እየተሻለው መጣ። ክትባቱንም ወሰደ። ሐኪሟ ለሳን ሮኬ ቡራኬ ውሰዱት፣ ግን መሬት እንዳታስረግጡት፣ እንደታቀፈ ይሂድ አለች።

የእማማን ሕግ መቼም አልረሳሽም። በሳን ሮኬ ቀን በውሻ አንገት ላይ ሪባን ያሰረ ሰው፣ ያንን ውሻ እስኪሞት ያበላዋል። ሌላ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ በእኛ ቤት ግን ሕግ ነበር። አንቺ በሰባት ዓመትሽ ለሥጋ ሻጩ ውሻ የፀጉርሽን ሪባን አስረሽለት፣ ያንን ዝርክርክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ስንቀልብ የኖርነው በማን ጦስ ነው? እኔም ይሄን አስቤ ሪባን አልገዛሁም። የሚወስዱት ሰዎች ይሰሩለት፣ እነሱ ያብሉት ብዬ። በሞቀ ውሃ ጨርቅ ነክሬ ጠረግኩትና ልብሴን ልቀይር ገባሁ።

ስወጣ ፌርሚን ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያ ጭኑ ላይ ነው፣ መቀሱ ጉልበቱ ላይ ነው። ለአንቺ አጥቤ ያሰጣሁት ሽርጥ ገመዱ ላይ በአንድ ማሰሪያ ይወዛወዛል፣ ሌላው ውሻው አንገት ላይ ነው። በትልቅ ቋጠሮ፣ የጫማ አስተሳሰር። «ሪባን የለም እኮ» አለኝ። «የሰው ውሻ ሁሉ ተሸልሞ ሲመጣ ይሄ ራቁቱን ይሂድ?»

«አንተ የኦሩሮ አገር ሰው» አልኩት፣ «የዚህን ቤት ሕግ ሳታውቅ! ያሰረ ነው እኮ የሚያበላው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሃያ ሦስት ዓመት ከእናትሽ ጋር ከአንድ ድስት በልቼ፣ የማላውቅ መሰለሽ?» አለኝ።

እንግዲህ ማሰሪያው የሄደው እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዶኛ ኦቲሊያ አንገቱን አዩና «ለአንድ ወር ብቻ ነው ብያት ነበር እኮ ይቺን ሴት» ብለው ሰው መሐል አሳቁብኝ። የሚወስዱት ሰዎችም አልተቀየሙም፤ ሁለት ዓመት ዶኛ ኦቲሊያ ግቢ የቆየች ቡናማ ውሻ ይዘው ሄዱ። ዶኛ ኦቲሊያ የመረከቢያውን ፎርም አውጥተው ስሙን ማን ልበል ሲሉኝ ፌርሚን እኔን አየ። ያፓ ነው አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። እማማ ድንቹን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ፣ ሸማቿ ከረጢቷን ልታስር ስትል፣ ሁለት ትናንሽ ድንች ከላይ ጣል አድርጋ «ያፓሽ» ትል አልነበር? ያቺን ምርቃት። እኔ ሰፍሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር ኔሊዳ፣ የከረጢቴም አፍ የታሰረ።

ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም፣ ደክሞኛል። የኋላ እግሩ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ የፌርሚንን ጫማ በልቷል፣ ሲሪንጇም ገና ከመሳቢያው ውጭ ናት። የሚተኛው እማማ ክፍል ነው። በሩን ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ መክፈት አለብኝ።

ራሞንን በጣም ሳሚልኝ፣ ፌርሚንም ሰላም ብሎታል። አይሊንን አክስትሽ ጎበዝ ብላሻለች በያት፣ ፈተናውን ባታልፍም። አሮጊቷንም ሰላም በይልኝ፣ ሾርባውን ከጎረቤት እጅ ሞክሪላቸው። አንቺም ወገብሽን በፎጣ አስረሽ ተኚ።

ሽርጡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። የቀረውን ማሰሪያ በተመለከተ፣ መጀመሪያ የታሰረ ዕለት ከአንገቱ ሥር ሁለት ጣቴ ይገባ ነበር፣ ዛሬ አንዱን በግድ አስገባሁ። በአንድ ወር ይጠብበዋል። ያኔ ፈትቼ አጥቤ እልክልሻለሁ፣ አንቺ መልሰሽ ስፊው።

እህትሽ ዙሌማ
ታሪሃ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2018