ከመስጊዱ ቧንቧ የቀዳሁት ውሃ

ልጄ ሳሊሀ፣ አላህ በረገጥሽው አገር ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው አምሯል፣ ፍየሏም መንታ ወልዳለች። አባትሽ ጎብዬ ገበያ ሄዷል፤ እሱ ሳይመጣ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ለማስተርስ ጥናትሽ ከሰፈራችን ጉድጓድ ቀድተሽ ላኪልኝ ያልሽኝን ውሃ ከጉድጓዱ አልቀዳሁትም። ጎርፍ ገብቶበት ደፍርሶ ነበር። ገበናችን ፈረንጅ ፊት እንዳይወጣ ብዬ፣ ጠርሙሶቹን ቆቦ ከተማ ወስጄ ከመስጊዱ ቧንቧ ሞላኋቸው። አንቺም ደውለሽ «ንጹህ ነው» ስትዪ ሰፈሩ እልል አለ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የሀስና ትንሿ ልጅ በተቅማጥ ልትሞት ደርሳ በአላህ ተረፈች። «ምናልባት ውሃው ይሆን?» ብላት፣ ሀስና «ኧረ ተይ! ሳሊሀ መርምራው የለ!» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን ከራሱ ከጉድጓዱ ቀድቼ፣ ደለሉን ሳላጠልል ልኬልሻለሁ። የፊተኛውን ውጤት ሰርዢው፤ ለአስተማሪሽም እናቴ ናት ያበላሸችው በይው። አላህ እውቀትሽን እንደ እኔ ካለ ውሸታም ይጠብቅልሽ። ይህን እንደጨረስኩ ሀስና ቤት እሄዳለሁ። እስከ ደጃፏ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁና፣ ልጄ፣ ዱዓ አድርጊልኝ።

እናትሽ