የጫጩቴ የይለፍ ቃል

ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጸደንያ እስጢፋኖስ፣ ለኔዋ ጫጩቴ
ጅማ

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የጅማ አየር ተስማማሽ? እኔ ከዚህ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። በእጄ የምጽፍልሽ ኮምፒዩተሩ አስቸግሮኝ እንዳይመስልሽ፤ እሱስ ታርቆኛል። የምነግርሽም ይህንኑ ነው።

ትተይቢልኝ የነበረው የእድራችን ደንብ ባንቺ ኮምፒዩተር ውስጥ ቀርቷል። ለእሑድ ስብሰባ ይቅረብ ተብሎ ግድ ሆነ፤ ጸሐፊ ተብዬ ባዶ እጄን ልሄድ ነው። የአንቺኛው ስክሪን ደግሞ ባለፈው መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሏል፤ ሆዱ ይሠራል፣ ፊቱ ግን ጨለማ ነው። ስለዚህ ያለኝ መንገድ ሳሎን ካለው ከኔኛው ተነሥቼ ሁለቱን ባገናኘሽበት ገመድ ወደ አንቺኛው መግባት ነው። ስትሄጂ የተውሽልኝን ማስታወሻ አውጥቼ መነጽሬን አደረግሁ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ሁለቱም መብራታቸውን እይ» ይላል። አየሁ። «ገመዱ መሰካቱን እይ።» አልተሰካም። ማን ነቀለው እንዳትዪኝ! ሻንጣሽን ይዘሽ የወጣሽ ዕለት በንዴት የነቀልኩት እኔው ነኝ። ሰካሁት። የኮምፒዩተርሽ ስም ስክሪኔ ላይ ብቅ ሲል፣ እውነቴን ነው፣ አንቺን በር ላይ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

የጋራውን ማኅደር ልከፍት ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ማስታወሻሽ «አንተ የምትጠራኝ ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል» ይላል። ይሄማ ምን አላት ብዬ ጫጩቴ ብዬ ጻፍኩ። እምቢ። ደገምኩ። እምቢ! የምጽፈውን ሁሉ ኮከብ እያደረገ ስለሚደብቅብኝ በወረቀት ላይ ጽፌ አንድ በአንድ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ ሰውዬ፣ የገዛ ልጄን ቁልምጫ መጻፍ ያቅተኝ?

ትናንት ጠዋት የለታ እናት ወይዘሮ ገዲሴ ወተት ይዘው መጡ። አንቺን ለለታ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ከመለስኩባቸው ወዲህ በር ላይ አቀብለውኝ ይሄዳሉ እንጂ አይገቡም፤ ደግነቱ ወተቱን አልከለከሉኝም። ወተቱን እስክገለብጥ ቆመው ሳለ በእጄ የያዝኳትን ወረቀት አዩአት።

«ቻቹቴ ማናት?» አሉኝ።

«ኧረ ጫጩቴ ነው የሚለው!»

«እንዴ አቶ እስጢፋኖስ! ይሄ እኮ ‹ቻ› ነው። በኛ በኦሮምኛው፣ በቁቤ፣ ‹ጫ› ሲጻፍ ‹ሲ› ብቻዋን ናት፤ ‹ኤች› አትከተላትም። ለታ ነው ያስተማረኝ።»

ሁለቱንም ‹ኤች› አውጥቼ ጻፍኩ። ተከፈተ! እልል ያሉት እሳቸው ናቸው። አየሽ ልጄ፣ እኔ ያወጣሁልሽን ስም ለታ በሚጽፍበት ፊደል ቆልፈሽዋል። ገባኝ።

ደንቡን ሳነብ አንቀጽ ሰባት ላይ አንዲት ግድፈት አየሁ። ያው ልማድ ነው፣ ላርማት ብል እንደገና እምቢ አለ። እንግሊዝኛውን ስመልሰው «ፈቃድ የለህም» ማለት ነው። ማስታወሻሽን ገለበጥኩት። «አባዬ፣ የፈቀድኩልህ ማንበብ ብቻ ነው። አለዚያ ሁሉን ታርማለህ» ብለሻል።

«ፈቃድ የለኝም» ብዬ ሽማግሌዎቹን የመለስኩ እኔ አይደለሁ? እሱስ ይሁን። የለታ አጎት ኦቦ ቱሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልጅዎ ጸደንያ ለልጃችን ይሰጠን» ሲሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ትሰጠን ነው የሚባለው» ብዬ ያረምኳቸውስ? አንቺ ከጓዳ እየሰማሽ! ያ አንሶኝ «እነሱን ካልተቀበልክ ቤት አልመጣም» ያልሽበትን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼ ላኩልሽ። አፈርኩ፣ ጫጩቴ።

ለታ ምን ጎደለው? ምንም። ከእናትሽ በኋላ አንቺም ሄደሽ ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው። ይኸው በገዛ እጄ ብቻዬን ቀረሁ።

ወይዘሮ ገዲሴ ሊወጡ ሲሉ «ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው። ተቀመጡ። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ላኩልኝ አይልም፤ ወጉ አይደለም። እኔም «ጥር ሠላሳ፣ እሑድ፣ ቤት ነኝ። ለኦቦ ቱሉ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ግን ሴትዮዋ ቀላል አይደሉም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ደግመው ‹ይሰጠን› ቢሉስ?» አይሉኝም?

«ይሰጣችኋል» አልኳቸው።

አንቀጽ ሰባትንም ሳልነካት፣ እንዳለች አትሜ ለስብሰባው አቀርባለሁ። አንቺ ግን ለጥር ሠላሳ ድረሺልኝ። ሀና ማርያም በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ፤ የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ፤ የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
እስጢፋኖስ

እዚህ ደብዳቤ ላይ ስሕተት አይጠፋም፤ ደግሜ አላነበብኩትም። ካገኘሽ በቀይ አርሚውና ራስሽ ይዘሽው ነይ።