የበርበሬ ቤቱ ሳል

መርካቶ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለዘውገ፣

የሮም ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝን ደብተራ ዛሬ አልጠራሁትም። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልህም ታግሰህ አንብበው።

የላክኸውን የፊልም ድርሰት ጓደኛህ ጠሀ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም ኮርቼ ነበር። አባትህ ከበርበሬ ጆንያው መሐል እየፎከረ ዘሎ ወጥቶ ባንዳውን ሲገድለው ግን ማጨብጨቤን ተውሁ። ባንዳውን "ልብስ ሰፊው አገኘሁ" አልከው። ኧረ ልጄ! ጋሼ አገኘሁ የምትለው ሰው በሕይወት አለ፤ የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው።

የጥሊያንን ልብስ መልበሱን ሰፈሩ ያውቅ ነበር፤ ይቅር ብሎትም ነበር። አሁን ልብስ ሊያሰፋ ደጁን የሚረግጥ የለም። የሚሰፋው ሳይኖረው የስፌት መኪናውን ሲያንቀሳቅስ ይሰማኛል። ትናንት በሩን በድንጋይ እየደበደቡ "አክተሩ ሳይመጣ እኛ እንጨርስህ!" አሉት። ፊልሙ እዚህ ሲኒማ ቤት የታየ ዕለትማ ምን ይውጠዋል?

ነገሩ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው። የጥሊያኑ ካፒቴንና አገኘሁ ቤታችንን ሊፈትሹ የመጡ ዕለት አባትህ ጆንያው መሐል ተደብቆ ተኝቶ ነበር፤ ጠመንጃም አልነበረውም። በርበሬው አፍኖት አሳለ። ካፒቴኑ ቀና አለ። ይኼኔ አገኘሁ ደረቱን ይዞ ማሳል ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ አሳለ። በጥሊያንኛ "ይኼ በርበሬ ሊገድለን ነው፣ እንውጣ!" ብሎ ካፒቴኑን ይዞት ወጣ። እኔ አንተን በሆዴ ይዤ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየማኅበሩ "ባንዳውን ጥዬ አመለጥሁ" ብሎ ሲፎክር አገኘሁ እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አንድም ቀን አላስተባበለም። ፉከራ ያለ ጭማሪ እንደማይጥም አውቃለሁ። "ተመልካች ክፉ ሰው ይፈልጋል" ብለህም ጽፈህልኛል። ክፉ ሰው ካስፈለገህ ካፒቴኑ አለልህ፤ ጎረቤቴን ለምን ታስገድልብኛለህ?

እውነቱን ልጽፍልህ መሆኑን ዛሬ ጠዋት ለአገኘሁ ብነግረው ተቆጣ።

"ተይው፣ ሸዋዬ። የሟች ስም አይነሣ። ለልጁም እንጀራው ነው፤ በፊልም ብሞት ምን እሆናለሁ?" አለኝ። ክሩን በመርፌው እያሾለከ፣ "ብቻ ከጀርባዬ አይተኩሱብኝ በዪው። ሮጬ አላውቅም" አለ።

እኔ አልሰማሁትም፤ ተናድጄ ወጣሁ። ልጄ፣ ድርሰቱን አስተካክል። ያስተካከልኸውንም ለእኔ አትላከው፤ ለጠሀ ላክለትና በዚያው ደጃፍ፣ በዚያው ድምፅ ያንብበው። ሌላውን እንደወደድህ አሳምረው፤ ሳሉን ግን እንዳትተወው።

አማኑኤል እጅህን ይባርክልኝ፤ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ።

እናትህ ሸዋርካብሽ

የስፌት መኪናው አሁንም ይሰማኛል። ፍጠንልኝ።